አንዴ ብቻ የተጠራንበት ወደብ

ሰሞኑን ጋራዡን ሳጸዳ የአባዬን ሰማያዊ የጀልባ ገመድ አገኘሁት። አሸተትኩት፤ ዛሬም ሐይቅ ሐይቅ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እዚያው ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩና ዳግም የአስር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ፣ በዘጠናዎቹ መሆኑ ነው፣ ክሊንተንቪል በሚባል የኮሎምበስ ሰፈር የምንኖረው አባዬና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ በራችንን የሚያንኳኳ ጠፍቷል። አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ መርከበኛ ነበር፤ ኮሎምበስ ደግሞ፣ መቼም ታውቋታላችሁ፣ ባሕር የላትም። በሥራው የሚንከባከባቸው አንድ አዛውንት ባለ ሸራ ጀልባቸውን ለሳምንት ቢያውሱት ፊቱ በራ። ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ወደ ሰሜን ነዳንና ኢሪ ሐይቅ ገባን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ትንሽ ማሪና፣ የጀልባ ማቆሚያ ወደብ፣ ደረስን። አስር የማይሞሉ ጀልባዎች ቆመዋል፤ ነፋሱ ሽቦዎቹን ከምሰሶው እያጋጨ ቅጭል ቅጭል ያደርጋል። አባዬ ይህን ገመድ ሲወረውር ከጎረቤት ጀልባ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ቀልባ አሰረችልን። ዓሣ እየጠበሰች ነበር፤ የቅቤው ሽታ ሆዴን አስጮኸው።

«ኑ አብረን እንብላ፣ ይተርፈናል» አለችን በእንግሊዝኛ።

አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ በልተናል!»

የበላነው ጠዋት ብስኩት ነው! ሴትዮዋም «እሺ» ብላ ፈገግ አለችና ተመለሰች።

አባዬ ግን ሸሚዙን ቀየረ። የእኔንም ፀጉር አበጠረ።

«ዌር አር ዊ ጎይንግ?» አልኩት፣ ወዴት ልንሄድ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ።

«ቆይ፣ አሁን ተመልሳ ትመጣለች። ሰው በመጀመሪያ ጥሪ ዘሎ አይነሳም፤ ሲለመን ነው የሚያምርበት።»

«ሺ ዎንት አስክ አጌን፣ አባዬ» አልኩት፤ ደግማ አትጠራንም ማለቴ ነው።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ! ዓሣው እስኪበስል ነው።»

ዓሣው በሰለ። ከሌሎቹ ጀልባዎች ሰዎች ወንበራቸውን እየያዙ መጡ። በመሃላችን ያለው ውሃ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው፤ ሳቃቸው ይደርሰናል፣ የሹካቸው ድምፅ ሳይቀር። አባዬ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰርዲን ከፈተ።

«እናትሽ ብትኖር እጄን ጎትታ ትወስደኝ ነበር» አለ። ቆርቆሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ዛሬ እኔ የምኖረው እዚያው ኮሎምበስ አጠገብ፣ ዎርዝንግተን ነው፤ ቤቴ ሞልቷል፣ ልጆቼ ይንጫጫሉ። አባዬ ብቻውን ይኖራል። አብረን እንኑር ብዬ ብለምነው አሻፈረኝ አለ። እሑድ እሑድ ኮል አደርገዋለሁ።

«አባዬ፣ ምሳ ደርሷል፣ ና።»

«አይ፣ በልቻለሁ፣ ልጄ።»

«እሺ» ብዬ ስልኩን ዘግቼ አላውቅም። እያወራሁት መኪናዬን አስነሳለሁ። ስደርስ ሸሚዙን ቀይሮ በሩ ላይ ቆሟል።