ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚበራው ስም

መንገድ የሚጠፋኝ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ተወልጄ ባደግኩበት ካዛንቺስ መሀል ቆሜ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበረ ሲጠፋኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ከኡራኤል በኩል ወርጄ፣ አስፋልቱን ተሻግሬ፣ ሰባ እርምጃ ሄጄ ወደ ግራ መታጠፍ ነበረብኝ። ቆጠርኩ፤ ታጠፍኩ። ያገኘሁት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የተተከሉ ዘንባባዎች፣ በጠራራ ፀሐይ የበሩ መብራቶችና ብስክሌት የማያልፍበት የብስክሌት መንገድ ነው። አንድ ጥበቃ ቀረብ ብሎ "እህት፣ የጠፋሽ ነገር አለ?" አለኝ። ቤት ነው ብዬ ብነግረው ያበድኩ ይመስለዋል። "ምንም" ብዬ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

እውነቱን ለመናገር ሰፈሩ ሲፈርስ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ግን በሆዴ እፎይ ነው ያልኩት። ይህን ለእናቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ምክንያቱ አንድ በር ነው። የጎረቤታችን በር፣ ከእኛ በር በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለየው። የዚያ ቤት ልጅ አብሮ አደጌ ነበር። ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም።

በእኛ አገር ሰርግ የቀረ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን መንገድ ይቀይራል። ያኔ ሐዋሳ ነበር የምሠራው። መርዶውን የሰማሁት ከተቀበረ ከሳምንት በኋላ ነው። ለዐርባው እሄዳለሁ አልኩ፤ ዐርባው አለፈ። ለሙት ዓመቱ አልኩ፤ እሱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ እናቱን በምን ዓይኔ ልያቸው? ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ወላጆቼን ለመጠየቅ ስሄድ በጓሮ በኩል ዞሬ ነበር የምገባው፣ እንደ ሌባ። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ እድሩም ተበተነ። እናቴ የእናቱ ስልክ ቁጥር ያለበትን ቀፎዋን በግርግሩ ጣለች። በሩ ከሌለ ለምን አላንኳኳሽም የሚለኝ ማን ነው? እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ከዚህ ሁሉ የባሰ ደግሞ አለ። በመጨረሻዎቹ ወራት "ግቢ እንጂ" እያለ ይጽፍልኝ ነበር። "ሰኞ" እለዋለሁ። ሰኞ ይመጣል፤ ሥራ አለ። መታመሙን አልነገረኝም፤ እኔም ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

ግቢ የሚለኝ ጨዋታ ውስጥ ነው።

ተማሪዎች ሳለን ዘጠኝ ሰዓት ስንለቀቅ ሁለታችን ቤት ሳንደርስ የምንገባው ሰፈራችን ካለው ኢንተርኔት ቤት ነበር። ጨዋታው ከዓለም ዙሪያ ሰው በኢንተርኔት የሚገናኝበት የተረት አገር ነው፤ ጫካ፣ ግንብ፣ ጭራቅና ገበያ አለው። ሁሉም የራሱን ሰው ፈጥሮ በእሱ አካል ይኖራል። እኔ የፈጠርኩት ጢሙ ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ ባለ መጥረቢያ ድንክ ነበር። ሰፈር ውስጥ "አቀማመጥሽን አስተካክይ" የምባል ልጅ እዚያ ስገባ እንደ ልቤ እራመዳለሁ። እሱ ደግሞ ነጭ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ፈዋሽ ነበር። ሰይፍ ያዝ ቢሉት እምቢ አለ። ሰላምታው ራሱ ሕክምና ነው፤ ገና ሲያየኝ በትሩን አንስቶ አረንጓዴ ብርሃን ያፈስብኛል።

"አልታመምኩም እኮ!" እለዋለሁ ከጎኑ ተቀምጬ።

"ቅድመ ጥንቃቄ ነው በቃ" ይለኛል።

ከሰፈር ልጆች ጋር ማኅበር አቋቁመን እድር አልነው። ስም ብቻ አልነበረም፤ ሕግ ነበረው። እዚያ አገር የተገደለ ሰው እንደገና እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ወድቆ ይቆያል። ከመካከላችን አንዱ ሲወድቅ የገባን ሁሉ መጥተን ዙሪያውን ቁጭ እንላለን፤ እስኪነሳ ማንም ንቅንቅ አይልም። ፈረንጆቹ እየሮጡ ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩናል፤ ምን እንደምንሠራ አይገባቸውም። ያልደረሰን አባል ለሳምንት ማንም አያናግረውም። ያን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ፓስዎርዳችንም እንደ እኛው ነበር። ሁላችንም ያደረግነው የቀበሌ ቤታችንን ቁጥር ነው። የእሱን እኔ አውቃለሁ፤ የእኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሚስጥር ነው ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

የምሠራው ኡራኤል አጠገብ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቴ ድሮ ሰፈራችን የነበረበትን ቦታ ያያል። ያን ቀን ከካዛንቺስ ስመለስ ያልፈረሰ ነገር ለማየት ነው ጨዋታውን የከፈትኩት። የቤት ቁጥራችንን ሳላስበው ጣቴ መታው። ገባሁ። ያ ቁጥር በዓለም ላይ የሚከፍተው በር ይኸው አንዱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ድንኬ የቆመው በማላውቀው አደባባይ ላይ ነበር። ጀማሪ ሁሉ የሚነሳባት ጭቃማዋ መንደራችን የለችም። የእንጨት በሯ የለም፤ ማኅበራችን ተረባርቦ የሠራው ቤትም የለም። ያለው ሰፊ ነጭ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ በእኩል ርቀት የተተከለ ዛፍ፣ በቀን የበራ ፋኖስ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ። እንደገና በመስኮቱ አየሁ። ተነስቼ መጋረጃውን ሳብኩት።

አደባባዩ ላይ እኔን የመሰለ ሰው አልነበረም። አንድ ነጋዴ ብቻ አለ፤ ሰው የማያንቀሳቅሰው፣ የጨዋታው የራሱ። ድሮ በጭቃው መንደር የሚለውን ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ከአዲስ የመስታወት ሱቅ ውስጥ ሆኖ ይደግመዋል፦ "እንኳን በደህና ተመለስክ፤ ጓደኞችህ ይጠብቁሃል።" በልጅነቴ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያኔ እንደዚህ አልከበደኝም።

የጓደኞቼን ዝርዝር ከፈትኩ። ጨዋታው ውስጥ የሌለ ሰው ስሙ ግራጫ ይሆናል፤ ውስጥ ያለ ሰው ስሙ አረንጓዴ ይበራል። የእድሩ አባላት ሁሉ ግራጫ ነበሩ፣ ከአንዱ በቀር።

የእሱ ስም በርቷል።

ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኝ ከአምስት ይላል። ላፕቶፑን ከደንኩት።

በማግስቱ በሻይ ሰዓታችን፣ ልክ በዘጠኝ፣ እንደገና ገባሁ። አልገባም ብዬ ምዬ ነበር። ከነጩ መንገድ ጫፍ ነጭ ካባ ሲመጣ አየሁ። የእኔ ጓደኛ እድሜ ልኩን እዚያ አገር ሮጦ እንጂ ተራምዶ አያውቅም። ይኼኛው ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል። ግድግዳ ይገጨውና እዚያው እግሩን ሲያነሳና ሲጥል ይቆያል፣ ዓይነ ስውር እንደሚያደርገው። ከዚያ ይዞራል። መጥቶ መጥቶ ድሮ የመንደራችን በር የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። በሩ እዚያ እንደነበረ ምንም ምልክት የለም፤ የሚያውቅ ካልሆነ።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በትሩን አነሳ። አረንጓዴው ብርሃን በድንኬ ላይ ፈሰሰ። አልቆሰልኩም ነበር።

ከኋላዬ ባልደረቦቼ ሻይ እየጠጡ ይስቃሉ። ድሮ እንደምናደርገው በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ጻፍኩለት፦ ማን ነህ? መልስ የለም። ሃያ ደቂቃ ቆመና ጠፋ፤ ስሙም ግራጫ ሆነ።

አራት ቀን እንዲሁ ሆነ። በዘጠኝ ይመጣል፣ እዚያው ይቆማል፣ ያክመኛል፣ ዝም ይላል፣ ይሄዳል። በሕይወቱ ሰዓት አክብሮ የማያውቅ ሰው ሞቶ እንዴት ደቂቃ አያዛንፍም? እያልኩ በራሴ ላይ ልቀልድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ቤቴ ስገባ መብራት አብርቼ መተኛት ጀመርኩ። በመጨረሻ ከጎኔ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ጠየቅኩት።

"ሀክ ተደርጎ ነዋ! ማለቴ፣ ቦት ነው በቃ። ማሽን ነው የሚነዳው። ሪፖርት አድርጊውና ይዝጉት" አለኝ።

ማመን ፈልጌ ነበር። ግን ማሽን ግድግዳ ገጭቶ ግራ አይጋባም።

በአምስተኛው ቀን ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ እኔ ዘንድ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ጨዋታው ከታደሰ ወዲህ የእኛን ፊደል ይቀበላል። በንዴቴ በግዕዝ ፊደል፣ ኪቦርዱን እየደበደብኩ ጻፍኩ፦ "ማን ነህ አንተ? የሞተ ሰው ስም ይዞ መጫወት ነውር ነው። እናቱ ቢያዩ ምን ይላሉ?"

ከፈዋሹ ራስ በላይ ሰው ሲጽፍ የሚታየው ሦስት ነጥብ መጣ። ጠፋ። መጣ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለት ቃል ወጣ።

"እናቱ ነኝ።"

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ነጥቦቹ እንደገና መጡ።

"ጢማሙ ከመጣ እሷ ናት ብሎኛል። አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ።

"በፈረንጅ ፊደል ስትጽፊ ማንበብ አልቻልኩም። እኔ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ነው የማውቀው። አትቀየሚኝ።"

እሳቸው ናቸው አትቀየሚኝ የሚሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየሦስት አራት ቃሉ እያረፉ ነገሩኝ። ኩላሊቱን ታሞ ሦስት ወር ተኝቷል። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት በምንለቀቅባት ሰዓት፣ እየገባ በሩ ጋ ይቆም ነበር። ትመጣለች ይላል። ሲደክመው እሳቸው ይጫኑለት ጀመር። ሦስት ቁልፍ አስተማራቸው፦ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ ማከሚያ፣ አንዱ መቀመጫ። "ከመጣች አክሚያት አለኝ" ብለው ጻፉ። "ከዚያ ወዲያ እኔ ተረከብኩት።"

"በየቀኑ ነው የሚገቡት?"

"በየቀኑ። መብራት ካልጠፋ። ቤቱ የፈረሰ ጊዜ ግን አሥራ አንድ ቀን ቀርቻለሁ። አዲሱ ቤት ኢንተርኔት እስኪገባ። መጥታ አጥታኝ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።"

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ በሩ ፈረሰልኝ ብዬ እፎይ ባልኩበት ሳምንት እሳቸው ሌላውን በር እንዳያመልጣቸው ይጨነቁ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስሰበስበው የኖርኩት ሰበብ ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀብኝ።

"ለቅሶ አልደረስኩም" ብዬ ጻፍኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። ምንም አይደል አላሉም። ግድ የለም አላሉም። ነጥቦቹ ቆይተው መጡ።

"ቁጭ በይ።"

ፈዋሹ ካባውን ሰብስቦ ድሮ በሩ በነበረበት ነጭ መንገድ ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛዋን ቁልፍ ተጭነዋል ማለት ነው። ድንኬን አጠገቡ አስቀመጥኩት። ነፍስ ይማር ብዬ ጻፍኩ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም አልን። የማላውቃቸው ሰዎች በሚያበሩ ፈረሶች እየጋለቡ በግራ በቀኛችን አለፉ። ሃያው ደቂቃ አለቀ፤ እሳቸው አልሄዱም። አለቃዬ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፤ ሪፖርት ነበረብኝ።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ ፊቴን አይቶ።

"ለቅሶ ላይ ነኝ" አልኩት።

ስክሪኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ቅዳሜ ከሜክሲኮ ታክሲ ይዤ፣ ሁለት ጊዜ ቀይሬ፣ የነገሩኝ ኮንዶሚኒየም ደረስኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። በሩ ፊት ብዙ ቆሜያለሁ፤ ከማንኳኳቴ በፊት ስንት ጊዜ እጄን እንዳነሳሁና እንዳወረድኩ አላውቅም። ሲከፍቱልኝ አጥረዋል፣ ጠቁረዋል። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ጢምሽን የት ጣልሽው?" አሉኝ፤ ከዚያ አቀፉኝና ሁለታችንም ተንሰቀሰቅን።

የእሱ ላፕቶፕ መስኮቱ አጠገብ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሊያሳዩኝ ከፈቱት። ጨዋታው ሰው ያለማቋረጥ የገባባቸውን ቀኖች መግቢያ ገጹ ጥግ ላይ ይቆጥራል፤ አንድ ቀን ከቀሩ ከአንድ ይጀምራል። አየሁት። እሳቸው ቀረሁ ያሉትን አሥራ አንድ ቀን አልዘለለም፤ ሳይቆረጥ ከበሽታው ጊዜ ጀምሮ እየቆጠረ መጥቷል። ምናልባት ያን የቤት ቁጥር ከሚያውቁት የሰፈር ልጆች አንዱ ገብቶ ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ የድሮ ልጆችንም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ምሳ አቀረቡ፤ እየጎረስን ስለ እሱ አወራን። ስምንት ተኩል ሆነ። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሲል ሁለታችንም ቀና ብለን ላፕቶፑን አየነው። እሳቸው አልተነሱም።

"አይገቡም?" አልኳቸው።

"መጥተሽ የለ" አሉኝ።