ሄሊኮፕተሩን ከሠርጉ ያስወጣሁበት ሳምንት

በካርቲየ 2 ሰፈር ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ የሚል ሁሉ ወይ ከእኔ ተምሯል፣ ወይ እኔ የሠራሁትን አበላሽቷል። እኔን ማንም አላስተማረኝም። የፈረንሳይኛ የጥገና መጽሐፍ ራሴ አነበብኩ፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትም ስድሳ ካለፈኝ በኋላ ብቻዬን ለመድኩ። ጉራ የሚመስለው ካለ ሱቄ ክፍት ነው፤ መጥቶ ይፈትነኝ።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመናዊ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብሩሽ ሰጠኝና "ጨዉን ጥረግ፣ ሌላ ነገር እንዳትነካ" አለኝ። የዚህ የባሕር ዳርቻ ከተማ ጨዋማ አየር የሽቦ መጋጠሚያ ይበላል። ዞር ሲልልኝ መበየጃውን አንስቼ አንዲት የላላች ሽቦ በየድኩ። ሬዲዮው ተናገረ። ሰውዬው "ነገ ቀደም ብለህ ና" አለ።

አምና አንድ ማክሰኞ ተሾመ ከአርሂባ ሰፈር መጣ። የእኛን የሐበሾቹን ሠርግ በኪቦርድ ሲያደምቅ የኖረ ጓደኛዬ ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግራ እጁ አይታዘዝም። ስለዚህ ዜማውን በቀኙ ይጫወታል፤ ከበሮውን፣ ቤዙንና ማሲንቆውን ኪቦርዱ ከማስታወሻው ያወጣለታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ያ ኪቦርድ ተቃጠለ።

"ለቀኝ እጄ ትንሽ ኪቦርድ ተውሻለሁ" አለኝ። "አጃቢዎቹ ፍላሽ ላይ አሉ፣ ሚዲ የሚባሉ ፋይሎች ናቸው፤ ኮምፒውተርህ ያጫውትልኝ። የቅዳሜዋ ሙሽራ እናት 'ጋሽ ተሾመ፣ ካልሆነልዎት ዲጄ እንጠራለን' ብላኛለች። አንዴ ዲጄ ከገባ ከእንግዲህ እኔን ማን ይጠራኛል?"

"ሻይህን ጠጣ፤ ሳትጨርስ ይዘፍንልሃል" አልኩት።

ሻዩን ጨረሰ። ሁለተኛውንም ጨረሰ።

ፋይሉ በኮምፒውተሬ ላይ ይከፈታል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን የለም። ስፒከር ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን ፈትቼ በብሩሽ ጠረግኩ። ሌላ ዘፈን ስከፍት ጥርት ብሎ ይሰማል። በመጨረሻ "ፋይሎችህ ተበላሽተዋል" አልኩት።

"የተበላሸኸው አንተ ነህ! ባለፈው ሳምንት ተጫውቼባቸዋለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት አንድ ነገር አስገረመኝ። አንዱ ዘፈን ሙሉውን ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ነው የያዘው። ይሄ ሁሉ ከበሮ የት ገባ? ፋይሉን በሚዲ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቼ አየሁት። ይህን ኖታ ጀምር፣ እዚህ ላይ አቁም፣ በዚህን ያህል ጉልበት ምታ ይላል። ሌላ የለውም። ሚዲ ለካ ድምፅ አይደለም፤ ለተጫዋች የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ተጫዋቹ በተሾመ ኪቦርድ ውስጥ ነበር፤ በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ማንም አልነበረም። ብቻዬን እየሳቅሁ ሱቁን ዞርኩት።

ፍሉይድሲንት የሚባለውን ተጫዋች ጫንኩ። የመሣሪያዎቹ ድምፅ የተሰበሰበበትን ሳውንድፎንት የሚባል ፋይልም ሰጠሁት። አሁንም ዝም። ፋይሉን የሚያነበው አጫዋች ፕሮግራምና ድምፁን የሚያወጣው ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ፍሉይድሲንት፣ አልተገናኙም ነበር። የሁለቱን የመገናኛ ቁጥር በትእዛዝ አወጣሁና አገናኘኋቸው። ከበሮው ወረደ፣ ቤዙ ተከተለ። የማሲንቆው ተራ ሲደርስ ሄሊኮፕተር አለፈ።

ሊሰማ ተመልሶ የመጣው ተሾመ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። "ሙሽራዋን ከሰማይ ልታወርዳት ነው?"

"ያዘዘው የአንተ ኪቦርድ ነው።"

እውነቴን ነበር። ማሲንቆው ያ ኪቦርድ ለብቻው የያዘው ድምፅ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሁሉም አምራቾች በሚጋሩት የድምፆች ዝርዝር ላይ የሄሊኮፕተር ነው። ወደ ቫዮሊን ቀየርኩለት። ሳቁን አቆመ።

"ይሄ የፈረንጅ ነው። በዚህማ ዲጄውን ይጥሩ" ብሎ ለመሄድ ተነሳ። ቀኑ ሐሙስ ሆኗል።

"ማሲንቆ ቤትህ የለም?"

"አለ። በየትኛው እጄ ልምታው? ጣት የሚያሳርፈው ግራው ነው።"

"ጣት አልፈለግኩም። ደጋኑን በቀኝህ ሳብልኝ፤ አንድ ድምፅ ብቻ።"

"አንድ ድምፅ ምን ይሠራልሃል?"

"ሌላውን ለእኔ ተወው።"

ማሲንቆውን አምጥቶ በጉልበቱ መሃል አቆመ፤ አንገቱን እኔ ያዝኩለት። ጩኸቱ እንዳይቀዳ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ። ላብ አጠመቀን። የመጀመሪያው ስበት ተንቀጠቀጠ፤ አራተኛው ጠራ። በሄሊኮፕተሩ ቁጥር ላይ ያንን ድምፅ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ አንዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ እያደረገ ሌሎቹን ያወጣል። በጣም ከፍ ሲል የግልገል ጩኸት መሰለ፤ የማሲንቆውን የጭራ ክር አጥብቀን ሁለተኛ ስበት ቀዳንና ለላይኞቹ ድምፆች ሰጠኋቸው።

ተሾመ ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። "ይሄማ የእኔ አሳሳብ ነው" አለ። "እንደገና ክፈተው።"

ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ሠርጉ ቤት ወሰድን። የሙሽራዋ እናት አየችንና "ጋሽ ተሾመ፣ ቢሮ ሊከፍቱ ነው?" አለች። ማሲንቆው ሲገባ ጫማዋን አውልቃ ወደ መሃል ወጣች።

ከዚህ የተማርኩት፣ ዝም ያለ ዕቃ ሁሉ የተበላሸ አለመሆኑን ነው። ከመፍታትህ በፊት ምን እንደጎደለው ጠይቅ።

በዚያ ሳምንት የሠራሁት ይህ ነው። ድምፅ በሌለው ፋይል ኮምፒውተር አዘፈንኩ። አጫዋችና ሲንተሳይዘር አገናኘሁ። ሄሊኮፕተር አወረድኩ። ከሁለት የደጋን ስበት ሙሉ ማሲንቆ ሠራሁ፤ ይህን ሌላ ሰው ሠርቶት ከሆነ ስሙን ንገሩኝ። ዲጄው አልተጠራም።