እናቴን ፀሐይ ያወጣናት ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ አንኮበር ተራራ ላይ ባለችው ጎረቤላ ውስጥ፣ እናቴ ታማ የተኛችበት ዓመት ብርዱ የከፋ ነበር። ኅዳር ላይ ውርጭ ባቄላውን አጠቆረው። እሷ የተኛችበት ጓዳ የእርጥብ እንጨት ጭስ ይሸታል። ጎረቤቶች «ደካማ ናት፤ ፀሐይ ካገኛት ምች ይመታታል» ስላሉ መስኮቷ ሳትቀር በአሮጌ ጋቢ ተሸፍናለች። አባቴ ቄስ ነበር፤ ከቅዳሴ ሲመለስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ዳዊት ይደግምላታል።

በዚያው ሰሞን የሳይንስ መምህርታችን ባትሪ ይዛ ክፍል ገባች። ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋ ስታበራው ክቡ ጠባብና ደማቅ ሆነ፤ ወረቀቱን ስታጋድመው ሰፋና ፈዘዘ። የፀሐይም ብርሃን እንዲሁ ነው አለችን። በጣም የቀረቧት ፕላኔቶች ይጋያሉ፣ የራቋት እጅግ ቀዝቃዛ ናቸው፤ የእኛዋ ምድር ልኩን አግኝታለች። ጠዋት የፀሐይ ጨረር ተጋድሞ ስለሚመጣ ለስላሳ ነው፣ ቀትር ላይ ይበረታል።

እጄን አወጣሁ። «እኛ ተራራ ላይ ነን፤ ለፀሐይ እንቀርባለን። ታዲያ ለምን ይበርደናል?»

«ከፀሐይ ርቀት አንጻር የአንኮበር ከፍታ ከምንም አይቆጠርም» አለች። «እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት ይዞ አያቆይም።»

ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። «አባባ፣ የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ናት። እማዬን እናውጣት።»

«እስቲ እሷን እንጠይቃት» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማን ኖሯል። «አውጡኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አቅፎ አወጣትና ግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ አስቀመጣት። ጎረቤቶች በአጥር በኩል አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረች። «አጥንቴ ድረስ ገባ» አለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እናወጣት ጀመር። ከታመመች ወዲህ ነክታው የማታውቀውን ፀጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ፤ አንዳንዴም ትስቅ ነበር።

አልዳነችም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አረፈች። ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት «ፀሐይ ላይ አስጥተው ምች አስመቷት» ስትል ሰማሁ። አባቴም ሰምቷል። አጠገቡ ሳበኝና ሰው ሁሉ እየሰማ «ባለቤቴ በብርድ እየተንቀጠቀጠች እንዳትሞት ያደረገች ይቺ ልጅ ናት» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ልጄ ስለ ፕላኔቶች በስልኳ ታያለች። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ የነገረችኝ እሷ ናት። ሲያማት ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፣ ምን እንደያዛትም ይነግሩኛል። የእናቴን ሕመም ስም ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።