አራት ሴንቲ

እኛ ሴራሚክ አንጣፊዎች ስልካችን ላይ ግሩፕ አለን። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ መታጠቢያ ቤት የጨረሰ ሰው ዕቃውን ከመሰብሰቡ በፊት ፎቶ ይልካል፣ ሌሎቻችን እንፈርዳለን። ደንቡ ውስጥ «በጨዋነት» የሚል ቃል የለም። ቢኖርም እኔን የሚያግደኝ አይመስለኝም። የሰው ሥራ ላይ ጥፋት አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ እንዲህ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት። ፎቶውን በሁለት ጣቴ ስቤ አሰፋዋለሁ፣ ከመታጠቢያ ሳህኑ ሥር፣ ከበሩ ጀርባ እገባለሁ፣ የቤቱ ባለቤት ዕድሜ ልኩን የማያየውን ጥግ አያለሁ። ከዚያ የታየኝን እጽፋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ መሳለሚያ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት እንገናኛለን። ሥራ የሚጠራን ሰው እስኪደውል ድረስ፣ ትናንት በጽሑፍ የተባባልነውን በአፍ እንደግመዋለን። በጽሑፍ የሚደፍር ሁሉ በአፍ አይደፍርም። እኔ በሁለቱም እደፍራለሁ።

በጣም የተሳለቅኩበት ሰው አንድ ወፍራም፣ ዝምተኛ ባልደረባችን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ከሶማሌ ተራ ጀርባ የሠራውን መታጠቢያ ቤት ፎቶ ላከ። ግድግዳው ጥሩ ነው፣ ወለሉም ጥሩ ነው። በሩ ሥር ግን አንዲት ቀጭን ቁራጭ ገብታለች። በእኛ ሙያ ይሄ ነውር ነው። ቁራጭ የሚገባው ዓይን የማያርፍበት ቦታ፣ የሽንት ቤት መቀመጫው ጀርባ ነው፤ በር ላይ ሰው የሚቀበለው ሙሉ ሴራሚክ ነው። እኔም «ወንድሜ፣ ይቺ ምላጭ ማንን ልትላጭ ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ግሩፑ በሳቅ ሞተ። በማግስቱ ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ አገጩን እያሻሸ «ጺሜ አድጓል፣ እስቲ ምላጭህን አውሰኝ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ባለምላጩ» ተባለ። እሱ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ምክንያት አላት» አለ።

ምክንያቷ ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም። እኔማ በጭራሽ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። እኔን ብቻ ሳይሆን የግሩፑን ግማሽ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ወለል ላይ ተንበርክከው ሠርተው፣ በመጨረሻ ጉልበታቸው አልታጠፍ አላቸው። ቤታቸው ከዱባይ ተራ ብዙ የማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቧንቧው ደጅ ላይ፣ ለጎረቤት ሁሉ የጋራ ነው። በቀን አምስቴ ለሶላት ውዱእ ማድረግ አለባቸው። እሳቸው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ በማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ፣ በጎረቤት ፊት እግራቸውን ያጥቡላቸዋል። ስንቱን ቤት ያሳመረ ሰው፣ የራሱ ቤት ውስጥ እግሩን የሚታጠብበት ቦታ አልነበረውም።

በመጨረሻ ልጆቻቸው ዕቃ ቤቱን ወደ መታጠቢያ ቤት ሊቀይሩት ወሰኑ። ቧንቧው ዝቅ ብሎ ተገጠመ፣ ከፊቱ የሲሚንቶ መቀመጫ ተሠራ። ጋሼ እኔን አስጠርተው፣ «ልጄ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። እግሬን ራሴ ልጠብ» አሉኝ።

ያን ሁሉ ተማሪ ትተው ለምን እኔን እንደጠሩ አልጠየቅኩም። መልሱ ለእኔ ግልጽ ነበር።

ሥራውን ስጀምር ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው ሊያዩኝ ፈለጉ። «አይሆንም ጋሼ፣ ሲያልቅ ነው የሚያዩት» ብዬ ወደ ሳሎን መለስኳቸው። ዛሬም ድረስ ያቺን ወንበር ሳስታውስ ይቆጨኛል።

ስልሳ በስልሳ፣ እብነ በረድ የሚመስል ነጭ ሴራሚክ መረጥኩ። ከበሩ ላይ በሙሉ ሴራሚክ ጀመርኩ። ቤቱ አሮጌ ስለሆነ የሳሎኑ ወለል በበሩ በኩል ሰምጧል፤ እኔም የመጀመሪያው ሴራሚክ ከሳሎኑ ጋር እኩል እንዲሆንልኝ በዚያው ልክ ዝቅ አደረግኩት። የወለሉ መስመር ከግድግዳው መስመር ጋር ፀጉር ሳያሳልፍ ገጠመ። ውሃ ልኬን ሳስቀምጥበት አረፋዋ መሃል ላይ ፀጥ ብላ ቆመች። ያቺ አረፋ መሃል ስትቆም ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ያለ ሥራም አስቀምጬ አያታለሁ።

የመታጠቢያ ቤት ወለል ወደ ውሃ መውረጃው መዝመም እንዳለበት ማንም ጀማሪ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን በደንብ ካዘመምኩት መስመሩ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፣ ፎቶው ይበላሻል። ስለዚህ በጣም ትንሽ፣ ለዓይን የማይታወቅ አድርጌ አዘመምኩት። ለውሃም እንደማይታወቅ የገባኝ በኋላ ነው።

ሲሚንቶው ደርቆ በጨርቅ ወልውዬ ፎቶ ላክኩ። ግሩፑ አበደ። «እጅህ ይባረክ!» «ይሄ ቤት ነው ሆቴል?» አንዱማ የልጁን ሠርግ እዚያ ውስጥ ሊደግስ እንደሚፈልግ ጻፈ። ከሁሉም ኋላ ባለምላጩ መጣና፣

«ውሃ አፍስሰህበታል?» አለ።

«መታጠቢያ ቤት ነው የሠራሁት፣ ወንዝ አይደለም» ብዬ መለስኩለት። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ሳቁ። ቅናት መሆኑ ነው እንግዲህ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

የቀትር አዛን ሲሰማ ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ወለሉን ሲያዩ ቆም አሉ፤ ዓይናቸው ላይ የነበረውን ደስታ አየሁ፣ ልቤ በኩራት አበጠ። መቀመጫው ላይ ተቀመጡና ቧንቧውን ራሳቸው ከፈቱ። እትዬ ሳሎን ውስጥ ልጃቸው ያመጣላቸውን አዲሱን መስገጃ ዘርግተው ቆመዋል። እኔ በበሩና በመስገጃው መሃል፣ ምስጋና በሚመጣበት መስመር ላይ ቆሜያለሁ።

የመጣው ግን ውሃው ነው። አልቸኮለም። ያን የመሰለ መስመሬን ይዞ፣ ወዲያና ወዲህ ሳይል፣ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ መጣ። በጫማዬ ላግደው ሞከርኩ፤ በጫማዬ ግራና ቀኝ አለፈ።

«ኧረ መስገጃው! ኧረ መስገጃው!» ብለው እትዬ ሲጮኹ ጫፉ ርሷል።

ጋሼ ቧንቧውን አልዘጉም። ለአንድ ሴራሚክ አንጣፊ ብለው ውዱእ አያቋርጡም። ቀኝ እግራቸውን ጨረሱ፣ ግራውን ጨረሱ፣ ቧንቧውን ዘጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ውሃው የት እየሄደ ነው?»

«ወደ ሳሎን ነው ጋሼ።»

«ምን ሊያደርግ?»

«ሥራው አዲስ ስለሆነ ነው ጋሼ። ትንሽ ሲቆይ መንገዱን ይለምዳል» አልኳቸው።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄንን ለቤት ባለቤቶች እንድትል ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉ።

አፈርኩ። በዚህ ሙያ ስቆይ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። እትዬ አሮጌውን ምንጣፍ ሌላኛው ጥግ ላይ ዘረጉላቸው፤ ጋሼ ወንበር ላይ ሆነው ሰገዱ። እኔ እርጥቡን መስገጃ እንደያዝኩ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሲጨርሱ ወንበሯን ራሴ አምጥቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ መዶሻና መሮ አነሳሁ። ሥራዬ ጠንካራ መሆኑን በደንብ ያረጋገጥኩት ያን ቀን ነው፤ አልነቀል አለኝ።

ጋሼ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ በሩ በኩል ያለውን ወለል ከፍ አስደርገው ከዚያ ወደ ውሃ መውረጃው አወረዱት። ነገር ግን ከሰመጠው ሳሎን ወደ ከፍታው የሚያወጣ ነገር ያስፈልጋል። ደረጃ ቢሆን ያን ጉልበት ያደናቅፈዋል። በሩ ሥር ትንሽ ተንጋልላ የምትተኛ፣ እግር ሳይሰናከል የሚወጣባት ቀጭን ቁራጭ ብቻ ናት መፍትሔው። ለካሁ፤ አራት ሴንቲ። ሁለት ጊዜ ቆርጬ ተሰበረችብኝ፣ በሦስተኛው ወጣች። እጄ ላይ ይዤ ሳያት ከየት እንደማውቃት ትዝ አለኝ።

ምክንያት ነበራት ለካ።

ሲሚንቶው ሲደርቅ ጋሼ ገብተው እግራቸውን ታጠቡ። ውሃው እንደ ጨዋ ልጅ ዞሮ ወደ መውረጃው ገባ። እትዬ ጎንበስ ብለው ሳሎኑን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው። ጋሼ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሁለት እግራቸውን እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩ። ማንም ያልነካቸው፣ ራሳቸው ያጠቧቸው እግሮች ናቸው። ከዚያ ዓይናቸው በሩ ሥር አረፈ።

«ቁራጯ አታምርም» አሉ።

«አታምርም ጋሼ።»

«ፎቶ ትልካላችሁ አይደል ስትጨርሱ?»

ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ስልኬን አውጥቼ ከመቀመጫው በኩል አነሳሁ፣ ከቧንቧው በኩል አነሳሁ፣ መውረጃውን ለብቻው ጠጋ ብዬ አነሳሁት።

«በሩን አላነሳኸውም» አሉ ጋሼ።

በሩን አነሳሁና ላክኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። «ምላጭ!» «ኧረ ይቺስ ከምላጭም ትቀጥናለች!» «የባለፈው ወለል የት ገባ፣ ተሰረቀ?» ግማሾቹ በእኔው ቃል ነው የሰደቡኝ፤ አንዲት አዲስ ስድብ እንኳ ለመፍጠር አልደከሙም።

የሚያስቅ ነገር መልሼ ላመልጥ አስቤ ነበር። ጋሼ ግን በባዶ እግራቸው ያቺን ቁራጭ ረግጠው ወደ ሳሎን ሲወጡ አየኋቸው፤ አልተደናቀፉም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የባለፈው ወለል ውሃውን ወደ ሳሎን ሰዶ የጋሼን መስገጃ አርጥቦታል። ለፎቶ ብዬ ነው ያበላሸሁት። አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ቁራጭ በሩ ላይ የምትገባበት ምክንያት አላት፤ ያኔ ሳልጠይቅ ስለሳቅኩ ይቅርታ።»

ከዚያ ባለምላጩ መጻፍ ጀመረ። ጻፈ፣ አቆመ፣ እንደገና ጻፈ። ያ ሁሉ ሳቅ ሲመለስብኝ ታየኝ፤ እንደሚገባኝም አውቄያለሁ። በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ መጣች።

«ስንት ሴንቲ ናት?»

«አራት» አልኩት።

«የኔ አምስት ነበረች።»