የባሻን ልብ ያዳመጡት ጋሼ ሰይድ

ባለፈው ሳምንት አውቶቡሳችን ለምሳ ጀውሃ ቆመ። ምግብ ቤቱ በር ላይ አንድ ያረጀ ውሻ ተኝቶ ይስላል። ደረቅ ሳል ነው፤ መጨረሻው ላይ ሊያስመልሰው ይተናነቀዋል። ባለቤቲቱ የዘይት ጀሪካን ይዛ ወጣችና «አጥንት ወግቶት ነው» ብላ አፉን ፈለቀቀችው። ደሜ ፈላ። ስንት ዘመን ሙሉ ይኸው አጥንት!

እኛ ቤትም እንዲሁ ነበር። ሸዋ ሮቢት ባደግኩበት ቤት የሽንኩርት ማሳችንን ከጦጣ የሚጠብቅ፣ ባሻ የሚባል አጭር ሽማግሌ ውሻ ነበረን። ጋደም ሲል ሳሉ ያስነሳዋል። እናቴ ዘይት ልትግተው ስትል ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ በአጥር አሻግረው አዩና «ኧረ ተይ! ሳንባው ይገባል!» ብለው ጮሁ። ጋሼ ሰይድ የከብት ሐኪም ነበሩ። ካኪ ኮታቸው ሁሌ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ የልብ ማዳመጫቸው ከአንገታቸው አይወርድም።

ገቡና ማዳመጫውን የባሻ ጎድን ላይ አሳረፉ። ቆይተው እኔም ጆሮ ላይ ሰኩልኝ። ዱብ ዱብ የሚል መስሎኝ ነበር፤ እሽ... እሽ... ይላል።

«የመስኖው መዝጊያ ሳንቃ ሲያረጅ ውሃ አያሾልክም?» አሉኝ። «የልቡም መዝጊያ እንደዚያው ነው። ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። እርጅና ነው፣ አይድንም። ግን የምሰጥሽን ክኒን ካልረሳሽ ገና ይኖራል። አንድ ቀን ተዝለፍልፎ ቢወድቅ አትደንግጪ፤ ልቡ ነው፣ ወዲያው ይነሳል። ለሰው ሁሉ ንገሪ።»

ከዚያ ውሃ አስቀዱኝና እጃቸውን ሰባት ጊዜ ታጠቡ፤ አንዱን በአፈር። ባሻን በነኩ ቁጥር እንደዚሁ ነው። አንድ ቀን «ከተጸየፉት ለምን ይነኩታል?» አልኳቸው። ሳቁ። «መታጠቡ ሃይማኖቴ ነው፣ ማዳመጡ ሥራዬ። ወላሂ፣ ተጣልተው አያውቁም።»

ሰፈሩ ግን ሳቀባቸው። ሰው ሐኪም ባጣበት አገር የውሻ ልብ ይደመጣል ወይ ተባለ። እኔም አፈርኩ። እውነቱን ልናገር፤ ክኒኑን በዳቦ ሸፍኜ እሰጠው ነበር እንጂ ስለ ልቡ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ጋሼ ሰይድ ለከብት ክትባት ካራቆሬ በሄዱበት ቀን፣ በዚያ በቀትር ሐሩር፣ ባሻ ጦጣ አባሮ ሲመለስ መንገድ መሐል ወደቀ። እግሩን ገተረ፤ ለሃጩ ተዝረከረከ። አቶ ተክሌ የሚባሉ ጎረቤት «አብዷል! ልጆች ሽሹ!» ብለው ዱላ አነሱ። ሰዉ ድንጋይ ይዞ ተሰበሰበ። «ልቡ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል! ይስቁብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ባሻ ግን ልክ እንደተባለው ተነሳ። ጭራውን እየቆላ ወደ እኔ መጣ። ጭራውን እየቆላ ነው የመቱት! ያበደ ውሻ ባለቤቱን አውቆ ጭራ ይቆላል? ጨካኞች! እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ራሴንም።

ማታ ጋሼ ሰይድ ሲመለሱ ሬሳውን አገላብጠው አዩት።

«ነግረሻቸው ነበር?»

«አልነገርኳቸውም።»

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፣ ውሃ አፈሰስኩላቸው። ሰባት ጊዜ።

ጀውሃ ላይ ጀሪካኑን ከሴትዮዋ እጅ ነጠቅኩ። «አጥንት አይደለም! ልቡ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሳቀ። ይሳቅ! ተንበርክኬ ጆሮዬን ከውሻው ጎድን ላይ ለጠፍኩ። እሽ... እሽ...። ዘይት እንዳታጠጣው፣ የከብት ሐኪም እንድታሳየው፣ ቢወድቅ ማንም እንዳይመታው አንድ በአንድ ነገርኳት። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ውሃ አስመጥቼ እጄን ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፤ አንዱን በአፈር።

ሴትዮዋ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይታ ግራ ገባት። «አንቺ ደግሞ ሙስሊም ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም» አልኳት። «ያስተማሩኝ ሰው እንዲህ ነበር የሚታጠቡት።»