ጋሽ ደምሴ የሰጠኝ ጥድ

ዛሬ ጠዋት፣ ከወንድሜ መቃብር ያመጣሁትን የጥድ ፍሬ ሂተሩ አጠገብ ረስቼዋለሁ። ቋ፣ ቋ ሲል ዞር አልኩ። ለወራት እንደ ጡጫ ተጨብጦ የቆየው ፍሬ ቅርፊቱን ከፍቶ፣ ክንፍ ያላቸው ጥቃቅን ዘሮቹ ምንጣፉ ላይ ተበትነዋል። ይህን የጥድ ጠባይ ያስተማረኝ የምጠላው ሰው ነው።

ኮሮና ሲገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ከታምራት ጋር ጆሃንስበርግ፣ ሂልብሮው ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ከአራት ያገር ልጆች ጋር ተጋርተን እንኖራለን። ታምራት አጠገባችን ባለችው ጀርሚስተን ለጋሽ ደምሴ፣ ባኪ በምትባለው ፒክአፑ ላይ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ አምስት ዓመት ሠርቷል። ጋሽ ደምሴ የአገራችን ሰው ነው፤ የጅምላ መደብር ያለው፣ በየሠርጉ የሚመርቅ ሽማግሌ። ታምራት ትንፋሽ ሲያጥረው አምቡላንስ ብንጠራ ሳይመጣ ዋለ። ጋሽ ደምሴ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ባኪዋን ይዘው ይድረሱልኝ። ታምራት ሊሞትብኝ ነው።"

"ልጄ፣ እኔም ቤት ልጆች አሉ። የመንቀሳቀሻ ፐርሚቱም ለዕቃ እንጂ ለሰው አይደለም። ትኩስ ነገር አጠጣው።"

ያቺን ባኪ አምስት ዓመት ሙሉ የጫናት ታምራት ነው። በማግስቱ ሞተ።

ነሐሴ ላይ፣ እዚህ ደረቁ ወቅት ነው፣ የጆበርግ ነፋስ ሣሩን ገለባ ሲያደርገው፣ ታክሲ ተሳፍሬ ጀርሚስተን ሄድኩ። መንገድ ላይ ኮታ፣ ድንች የተጠቀጠቀበት ዳቦ፣ ገዝቼ በላሁ። ከጋሽ ደምሴ ቤት ማዶ፣ ባዶው መሬት ላይ፣ እሑድ እሑድ ጥላቸው ሥር ወንበር አውጥቶ እንግዳ የሚቀበልባቸው ጥዶች ነበሩት። እኔ ባደግሁበት አገር ጥድ እሳት ከነካው አለቀለት፤ ደርቆ እንደቆመ ይቀራል። ጋሽ ደምሴም ዕድሜውን ሙሉ ደረቅ ግንድ እያየ እንዲኖር ፈለግሁ። ክብሪቱን ጫርኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ጥር ላይ ጋሽ ደምሴ አስጠራኝ። መሬቱ ዝናብ ጠግቦ ነበር። ከጠቆሩት ግንዶች ሥር ያለው አመድ አረንጓዴ ለብሷል፤ ጣት የማያክሉ የጥድ ችግኞች፣ እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ድረስ። ጋሽ ደምሴ አፉን የከፈተ ፍሬ ከመሬት አነሳ።

"የፈረንጅ ጥድ እንዲህ ነው" አለኝ፣ ማስኩን ዝቅ አድርጎ። "ፍሬው በሙጫ ተጣብቆ ዓመታት ይቆያል። እሳት ሲያገኘው ሙጫው ይቀልጥና ዘሩን ይለቃል። አመዱ ይመቸዋል፣ ፀሐዩንም የሚጋርደው የለም። ከበፊቱ በልጦ ነው የመጣው።"

ፍሬውን ጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ማን እንዳቃጠለው አውቃለሁ። ዘበኛው አይቶሃል። ለፖሊስ አልናገርም። ይኼን ለታምራት ትከልለት።"

ቆርቆሮ ውስጥ ያዘጋጀውን ችግኝ እጄ ላይ አኖረው። ይቅር በለኝ አላለም፤ ጭራሽ እሱ እኔን ይቅር ብሎኝ ገባ! ከዚያ ቀን በላይ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ችግኙን ግን መጣል አቃተኝ። የታምራት መቃብር ጥላ አልነበረውም።

አሁን ጋሽ ደምሴ ሞቷል፣ እኔም ሸብቻለሁ። ጥዱ አድጎ በወንድሜ ራስጌ ይወዛወዛል። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ክብሪት በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ ባቃጥለው ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ይዤው እመለሳለሁ። ዛሬ የተበተኑትን ዘሮች አንድ በአንድ ለቅሜ ልጥላቸው ተነሳሁ፣ መልሼ ተቀመጥኩ። ይኸው መዳፌ ላይ ናቸው። ይቅር አላልኩትም።