የመራጮቹ ሲባጎ

በአዳማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ በአረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪና ኋላ ከተቀመጡት ሰዎች ሁሉ እኔን የሚያህል አልነበረም። ይህን የምለው ሌሎቹ ስለሞቱ አይደለም፤ በሕይወት እያሉም ነግሬያቸዋለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። አረቡ ሲሰፋ ከጀርባው ቆሜ አየሁ፤ በሦስተኛው ወር የእሱን ስፌት አርም ጀመር። ፊደልንም በኋላ ብቻዬን ነው የቆጠርኩት።

ያኔ ግን መጻፍ ስለማልችል የደንበኛዬን ልክ በሲባጎ እይዝ ነበር። ለትከሻ፣ ለእጅጌ፣ ለቁመት እቋጥራለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ሲባጎ ነው፤ ሁሉም ከኋላዬ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሎ ይውላል። የማን የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጣቴን ካሳለፍኩበት ሰውየው ከነአረማመዱ ይመጣልኛል። ይህንንም ላገኘሁት ሁሉ አወራ ነበር።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የገበያው ሹም ሞተ። ሹመት ከላይ የሚወርድ ነገር ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ገዥው ነጋዴዎች ራሳቸው መርጠው እንዲያመጡለት አዘዘ። በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ተፎካካሪዎች ሜዳ ላይ ይቆማሉ፣ ደጋፊውም በየሰውየው ኋላ ይሰለፋል። ብዙ ሰው ያስከተለው ይሾማል።

አንደኛው ተፎካካሪ እህል ነጋዴ ነበር። የገበያው መሬት ግማሹ በእጁ ነው። ቀረጥ ይቀንስልናል ያሉ የጣቢያው ባለሱቆች ብር እያዋጡ ስለሰጡት በየሳምንቱ ድግስ ይደግሳል፤ ለክርስቲያኑ አንድ በሬ፣ ለእስላሙ ሌላ በሬ ይጥላል። ሁለተኛው ቆዳ ነጋዴ ነው፣ ገንዘብ የለውም። የእሱ ሰዎች ማርም ፍየልም ቅቤም አዋጥተው ሸጡና አቡጀዲ ገዙ፤ ሠላሳ እጀ ጠባብ እንድሰፋ አመጡልኝ። አሳባቸው በዕለቱ አንድ ዓይነት ለብሰው መውጣት ነው፤ ያመነታው ሰው ብዛታቸውን ሲያይ እንዲከተላቸው። እስከዚያ ልብሱ ሣጥን ውስጥ ይቆያል፣ ማን እንዳሰፋም አይነገርም። ምክንያቱም እህል ነጋዴው፣ ከቆዳው ነጋዴ ኋላ የሚቆም ሰው በመሬቱ ላይ ዕቃ እንደማይዘረጋ ምሎ ነበር።

ከሠላሳው አንዱ የሚስቴ ወንድም ነው። ጨው ይሸጣል፣ አምስት ልጆች አሉት፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው።

ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው የእህል ነጋዴው ዘበኛ ጠመንጃውን አንግቶ በረንዳው ላይ ወጣ። ጌታው እንደሚፈልገኝ ነገረኝና ሲባጎውን በሙሉ ከምስማሩ አውርዶ በእጁ ጠቀለለው። ወደ ጌታው ግቢ ስንሄድ ሚስቴን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ የት እንደምሄድ ብትጠይቀኝ ልብስ ልለካ ነው አልኳት።

በድግሱ ዳስ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ይበላሉ። በምሰሶው ላይ ጅራፍ ተሰቅሏል።

«በሲባጎ ሰው ታውቃለህ ይባላል» አለኝ እህል ነጋዴው።

«ሰው ያወራል፣ ጌታዬ።»

«ማን ያወራል? የምታወራው አንተ ነህ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ጥቅሉን ጭኔ ላይ ጣለውና የልብሱ ወሬ ደርሶት ኖሮ፣ ለቆዳው ነጋዴ ብለው እጀ ጠባብ ያሰፉትን አንድ በአንድ እንድጠራ አዘዘኝ። የመጀመሪያውን መዘዝኩ። ጣቴ ያቺን ዝቅ ያለች ትከሻ አገኘ። ከሠላሳው ሁሉ የሚስቴ ወንድም ወጣ። ዓይኔን ከጅራፉ መንቀል አቃተኝ። ቀና ስል ዘበኛው ከፊቴ ቆሟል። ዓመታት የያዘው ጠመንጃ ቀኝ ትከሻውን ዝቅ አድርጎታል። ቁመቱም ያው ነው። ለክቼው አላውቅም፤ ዓይኔ ግን ለካው።

«ይህ የዘበኛዎ ነው» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ራሱ ነው። ጌታው ግን አልሳቀም፣ ለካው አለኝ። ተነሥቼ ሲባጎውን ዘረጋሁ። ቋጠሮው በትከሻ አጥንቱ ላይ፣ በእጁ አንጓ ላይ፣ ከጉልበቱ በታች፣ በየቦታው ቁጭ አለ።

«በገብርኤል፣ ጌታዬ፣ ምንም አላሰፋሁም» አለ ዘበኛው።

ከተጋባዦቹ አንዱ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። ሌላው፣ ይህ ሲባጎ እኮ ለማንም ይሆናል ብሎ ሲያጉረመርም፣ ጎረቤቱ «አንተ ምን አስፈራህ?» አለው። እህል ነጋዴው ፊታቸውን በተራ ተመለከተ። ሁለተኛው ሲባጎ ደግሞ ማንን እንደሚያወጣበት ፈራ መሰለኝ፣ ጥቅሉን ከእጄ ነጥቆ እሳት ውስጥ ጨመረው። ዘበኛውን ጠመንጃውን ቀምተው እዚያው ገረፉት። እውነቱን መናገር እችል ነበር። ቆሜ አየሁ።

በምርጫው ቀን ከእነዚያ ተጋባዦች ግማሹ እርስ በርሱ ስለተፈራራ ከቤቱ አልወጣም። ሠላሳው እጀ ጠባብ ፀሐይ ላይ ሲያበራ ያመነታውም ተከተለ፤ ቆዳ ነጋዴው ተሾመ። በአዲሱ ሹም ትእዛዝ የሚስቴ ወንድም የጨው ቦታው አልተነካችበትም። የገበያውን ሹም የመረጥኩት እኔ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም። የዛሬ ልብስ ሰፊ በሜትር የማይደርስበትን እኔ በዓይኔ አድርጌዋለሁ።

ዘበኛው ቁስሉ ሲሽር ከበረንዳዬ ትይዩ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ጠዋት ይመጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሄዳል። አይናገረኝም። መርፌ ይሰበርብኝ ጀመር፤ በሕይወቴ የጠመመ ስፌት የሰፋሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው። አዲሱ ሹም ላስነሣልህ ወይ ቢለኝ እምቢ አልኩ። በምን ወንጀል ይከሰሳል? ነገሩ ቢጣራ የሚወጣው የእኔ ውሸት ነው።

በዘጠነኛው ቀን መንገዱን ተሻግሮ ፊቴ ቆመ። መቀሱን ጨብጬ ጠበቅሁት።

«እጀ ጠባብ ስፋልኝ» አለ። «ልኬን ታውቀው የለ።»

በዚያው ቀን ጨርሼ ያለ ዋጋ ሰጠሁት። ልክክ አለበት። በማግሥቱም እሱኑ ለብሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ወሩ ሳያልቅ የስፌት መኪናዬን በበቅሎ ጭኜ፣ አዋሽን ተሻግሬ አቦምሳ ገባሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ገበያው ስለሚሻል ነው አልኩ። ለሚስቴም ያልኳት ይህንኑ ነው።